ያደረ ቅርጫት

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባ በስምንተኛው ቀን

የዘንድሮው የመጀመሪያ ቅርጫት ዛሬ ወጣ። እትዬ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አስወጥተው፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ጠበቁኝ። ከጫካ የለቀምነውን እንጉዳይ አንድ በአንድ ያነሱታል። ይገለብጡታል፤ ከቆቡ ሥር ያሉትን ሽንሽኖች ያያሉ፤ ግንዱን ከታች በጥፍራቸው ጫር ያደርጉታል፤ በመጨረሻ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። በግራቸው የሚያስቀምጡት ለፋብሪካው ምግብ ቤት ነው፤ በቀኛቸው ያለው ለጉድጓድ። "ዓይን ያያል፣ እጅ ይመረምራል፣ አፍንጫ ይፈርዳል" ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ ዘጠኝ ዓመት አየሁ፤ እስከ ዛሬ አልጠገብኩም።

እትዬ የባሌ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም እኔን የሚጠሩኝ "ሙሽሪት" እያሉ ነው። ወደዚህ ቤት ስገባ የግብርና ዲፕሎማ ይዤ ስለነበር እንጉዳይ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴው እስቃለሁ።

ዋናው ጭንቃችን ነጯ ናት። ነጯ የምትጣፍጥ የጫካ እንጉዳይ ናት፤ እንስላል እንስላል ትሸታለች። ግን አንዲት መንትያ አለቻት፤ እትዬ "እህቷ" ይሏታል። መልኳም ቁመቷም ያው ነው። ስትጫር ከግንዷ ሥር ቢጫ ብልጭ ይላል፤ ዝናብ ከጠገበች ግን እሱም አይታይም። ያኔ የሚለያቸው ሽታ ብቻ ነው፤ እህቷ የምትሸተው የጽሕፈት ቀለም ነው፣ ክሊኒክ ክሊኒክ የሚል። አትገድልም፤ ግን የበላትን ሰው አንጀቱን ታወጣዋለች። ምግብ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ ሁለት መቶ ሠራተኛ ይበላል። አንዱ ባሌ ነው።

እትዬን ጉንፋን ይዟቸዋል። ሲያስነጥሱ ዋሉ።

ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ሦስት በርሜል ሰጋቱራ በእንፋሎት ቀቀልኩ። ባሌ ከሚሠራበት የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ያመጣው ነው። ሙጫ እንዳልነካው ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። "ሚስቴ ነሽ ወይስ መርማሪዬ?" አለኝ። ሰማንያ ከረጢት ሞልቼ የእንጉዳይ ዘር ጨመርኩበት። ወገቤ የእኔ አይደለም። ጉንፋኑ እትዬን አለቀቃቸውም።

ቅዳሜ

ዛሬ ከእትዬ ጋር ጫካ ዋልን። ደስ ብሎኛል፤ በደንብ ልጻፈው።

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ነው የምከተላቸው። መሬቱን አይቆፍሩም፣ ቅጠሉን አይበትኑም። በሁለት ጣት ጠምዘዝ አድርገው ያነሱና ጉድጓዷን መልሰው በቅጠል ይሸፍኗታል፤ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። መጀመሪያ ያዩትን አይነኩም፤ ትልቁንም አይነኩም። "ትልቁ ይዝራ" ይላሉ። ቅርጫቱ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ስንሄድ የእንጉዳዩ ብናኝ በቀዳዳው እየወረደ መንገዱን ሁሉ ይዘራል። ፌስታል ይዞ ጫካ የገባ ሰው ካዩ ቀኑን ሙሉ አይስቁም።

ቢጫዋን፣ ሌላዋን የጫካ እንጉዳይ፣ ከረጢት ውስጥ ለማብቀል አራት ዓመት ሞክሬ እንደከሸፈብኝ ያውቃሉ። ዛሬ ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር አንበረከኩኝና የበሰበሰውን ቅጠል ገለጥ አደረጉልኝ። ከፀጉር የቀጠነ የቢጫዋ ነጭ ክር የዛፉን ሥር ተጠምጥሞበታል። ክሩ ውሃ ያቀብለዋል፣ ዛፉ ደግሞ ስኳር ይሰጠዋል። በትምህርት ቤት ይህን ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌ አልፌያለሁ፤ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ጆሮዋ ሠራተኛ ናት" አሉኝ፤ ግንድ ላይ የምትበቅለውን ማለታቸው ነው። "የሞተ እንጨት ካገኘች የትም ታድራለች፣ ከረጢትሽም ውስጥ ትገባለች። ቢጫዋ ግን ባለትዳር ናት። ባሏን ትታ ሰው ቤት አታድርም። አራት ዓመት ያለ ባሏ ነው የጠራሻት፤ ምን ብላ ትምጣ?"

ከሳቄ ብዛት ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ከምራቸው ነበር። እንግዲህ ከረጢቱን ለጆሮዋ ብቻ ትቼ፣ የቢጫዋን አሮጌ ቆቦች ያጠብንበትን ውሃ ከወጣት ዛፎች ሥር ላፈስ ነው። በአሥር ዓመት ምናልባት። እትዬ "በአሥር ዓመት" ሲሉ ነገ እንደማለት ነው የሚሉት።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ጉንፋኑ ለቀቃቸው። እኔ ላይ ግን ፈተና ጀምረዋል! ዛሬ ጠረጴዛው አጠገብ ጠሩኝና አንድ ነጭ አስይዘውኝ "ምን ይሸታል?" አሉኝ። አሸተትኩ። "እንስላል" አልኩ። ሌላ ሰጡኝ። "ይሄስ?" ሌላ። አሥራ ምናምን ጠየቁኝ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አስጠግተውኝ አያውቁም ነበር፤ ዘንድሮ ሊያስተምሩኝ ቆርጠዋል ማለት ነው። ደስታዬን ለመደበቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

ባሌም ደስ ብሎታል። ከፋብሪካ ሙጫ ሙጫ እየሸተተ ሲገባ እትዬ ከበሩ ነበር "ሂድ ታጠብ!" ብለው የሚመልሱት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። ሰሞኑን አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ምንም አይሉትም። "በመጨረሻ ተቀበሉኝ" ይላል።

ሐሙስ

አረንጓዴ ሻጋታ። ሃያ ሁለት ከረጢት።

የራሴ ጥፋት ነው፤ አንዱን በርሜል ቶሎ አውርጄዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የከረጢት ቤቱ ውስጥ የኮመጠጠ ሽታ ነበረ፤ እኔ እንኳ ከውጭ ተሰማኝ። የገረመኝ እትዬ ትናንት ማታ ገብተው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ሲነካኩ ቆይተው "ጥሩ ነው" ብለው መውጣታቸው ነው። ድሮ ቢሆን ከበሩ ሳያልፉ "አንዷ ታማብሻለች" ይሉኝ ነበር። ገባኝ፤ ይህም ፈተና ነው። ራሴ እንዳገኘው ነው የተዉልኝ። ሁልጊዜ ሰው እንዲነግረኝ የምጠብቀው እስከ መቼ ነው?

ሰኞ፣ ሦስተኛው ሳምንት

በረኪና፣ በረኪና፣ በረኪና። መደርደሪያውን፣ ወለሉን፣ ጣራውን ሳይቀር አጠብኩ። ገና ግማሹ ነው። በመሃል እትዬ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። "ሙሽሪት፣ ይሄ ምን ይሸታል?" እጄ እስከ ክርኔ በረኪና ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሜ "እንስላል!" አልኳቸው። "እርግጠኛ ነሽ?" "እርግጠኛ ነኝ እትዬ፣ እንስላል ነው።" ሥራ ላይ ሆኜ ባይፈትኑኝ ምን ነበረበት።

ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው የፋብሪካው መኪና አልመጣም። ቅርጫቱ እዚሁ አደረ።

ማክሰኞ

እትዬ ሆዳቸውን አሟቸው አደሩ። "በርዶኛል" አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በእንጉዳይ ወቅት ራታቸው ከዚያው ከቅርጫቱ የሚጠበስ እፍኝ ነው፤ ትናንትም እሱኑ ነበር የበሉት፤ እኛ እንቁላል በላን። ግን ብርዱም ብርድ ነው፤ በረንዳው ላይ ጭቃ እግራቸውን ይዘው ነው የሚውሉት።

ሹፌሩ በሦስት ሰዓት ሲመጣ ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ሁሉንም ጉድጓድ ከተውታል! ያን የመሰለ እንጉዳይ! "ዝናብ በዝቶበታል" አሉ። ሹፌሩ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ።

ዓርብ

አዲስ ሕግ ወጥቷል። ከእንግዲህ ቅርጫት የተለቀመ ቀን አይወጣም፤ አድሮ ነው የሚሄደው። "እንጉዳይ ሲያድር ጠባዩ ይወጣል" አሉ እትዬ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። ግን መጽሐፍ የጻፉት ሰዎች አርባ ዓመት ጫካ አልገቡም። የእትዬን ሕግ በምመዘግብበት ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

የምግብ ቤቱ ሼፍ በስልክ ጮኸብኝ። "እኔ ትኩስ ነው የምፈልገው፤ ያደረ እንጉዳይ ለማን ላቅርብ?" አለ። "የእትዬ ትእዛዝ ነው" አልኩት። "እሺ" ብሎ ዘጋው። እሱም ቢሆን ይፈራቸዋል።

ሌላው ወሬ፦ መጠየቁን ትተውታል! ከሰኞ ወዲህ አንድም ቀን "ምን ይሸታል" አላሉኝም። አልፌያለሁ ማለት ነው። ለባሌ ነገርኩት። "እንኳን ደስ ያለሽ" ካለ በኋላ ቆይቶ "እትዬ ግን ቀጠኑ አይመስልሽም?" አለ።

ረቡዕ፣ አራተኛው ሳምንት

ጆሮዎቹ ወጡ! ከተረፉት ሃምሳ ስምንት ከረጢቶች አሥራ አንዱ ላይ፣ በተቀደደው በኩል፣ ግራጫ ጆሮ ተደርድሯል። ከጫካው ግንድ ላይ ቆርጬ ያመጣኋት ናት እኮ! እትዬ በጣታቸው ዳሰሷት። "አየሽ፣ ሠራተኛ ናት አላልኩሽም?" አሉ። ዓይናቸው እንባ አዘለ። የእኔማ ፈሰሰ።

ወተት ጥደው አጠገቡ ተቀምጠው እያሉ ወተቱ ከሥሩ አረረ። ከጓሮ እኔ ሸትቶኝ ሮጬ መጣሁ። እሳቸው ድስቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። "ሐሳብ ይዞኝ" አሉ። ያ ሁሉ ሐሳብ ያለበት ሰው ምን ይደረግ።

ቅዳሜ

ዛሬም አንድ ቅርጫት ጉድጓድ ገባ። ዛሬም ሆዳቸው። ክሊኒክ እንሂድ ብላቸው "ሰው በእርጅና ክሊኒክ አይሄድም" አሉ። የከረጢት ቤቱ እርጥበት እየጎዳቸው ይሆናል፤ እንዳይገቡ መከልከል አለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ባሌና ሹፌሩ በር ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሹፌሩ "ሴትዮዋ ሲታመሙ ነው እንዴ ቅርጫቱ ባዶ የሚሆነው?" አለ። ባሌ ሳቀ። እኔም ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ። የሹፌር ነገር።

ሐሙስ፣ አምስተኛው ሳምንት

ከክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነው የምጽፈው። 

ጠዋት ገና ሳይነጋ ጫካ ልሄድ ስወጣ የእትዬ በር ተከፍቷል። አልጋቸው አጠገብ ባልዲ አለ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ሊያናግሩኝ ሞክረው አቃታቸው። ምድጃቸው ላይ መጥበሻው አለ። ለራት የሚበሉት እፍኝ ነበር፤ መጥበሻው ላይ የተረፈው ብቻ ለሦስት ሰው ይበቃል። ከትናንቱ ቅርጫት ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቁራጭ ቆርጠዋል። ከእያንዳንዱ! ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ነጮች ሁሉ ከቆባቸው ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ክፍተት አለባቸው። ሳነሳው ደግሞ መጥበሻው ሸተተኝ። ሲጠበስ ሽታዋ ይብሳል። ቤቱ በሙሉ ቀለም ቀለም ይላል፤ እሳቸው እዚያው ተኝተዋል።

ባሌ ተሸክሟቸው ሮጠ። አሁን ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል። ነርሷ "ምን በልተዋል?" ስትላቸው "እንጉዳይ" አሉ። "ማን ሰጥቶዎት?" "ራሴ።"  ነርሷ ይድናሉ ብላለች፤ ሌላ ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ ግን በዚህ ዕድሜ ኩላሊት አይችለውም ነበር አለች።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ተኝተዋል። የዛሬውን ጨምሮ ሦስት ቅርጫት ጉድጓድ ገባ፤ ሦስት ጊዜ ታመሙ። ሹፌሩ አውቆታል። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሳቅኩበት።

ልክ ልኬን ልጻፈው። አላወቅኩም ማለት ውሸት ነው። ሙጫው፣ ወተቱ፣ የኮመጠጠው ከረጢት። አይቼዋለሁ። አይቼ "ፈተና ነው" አልኩ፤ ምክንያቱም እትዬ የማይሸታቸው ዓለም ውስጥ እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ ስለፈራሁ አላሰብኩም። ሰኞ ዕለት በረኪና ውስጥ ሆኜ "እርግጠኛ ነኝ" ያልኩትን እሳቸው በሉት። መኪናው ባይዘገይ ደግሞ ሁለት መቶ ሰው ይበላው ነበር። ባሌም።

ቅዳሜ

ወደ ቤት መለስናቸው። ባሌ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ጠየቅኳቸው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠየቅኩሽ እኮ፤ ምን ይሸታል ብዬ።"

"ይፈትኑኝ መስሎኝ!"

"መጀመሪያማ ጉንፋኑ ሲለቀኝ ይመለሳል ብዬ ነው አንቺን ያስቸገርኩት። ከዚያ እንስላል ያልሽውን በላሁና ሌሊቱን ሙሉ ስቃዬን አየሁ።" ፈገግ አሉ። "አፍንጫሽ ሥራ ላይ እንዳልነበረ ገባኝ።"

"ታዲያ አይቆጡኝም ነበር?"

"ብቆጣሽ ትፈሪያለሽ። የፈራ አፍንጫ ያልሸተተውን ሸተተኝ ይላል። አንቺን ከማስፈራ ሆዴን ላምነው አልኩ። አርጅቷል እንጂ አይዋሽም።"

ተናደድኩባቸው። ይህንንም እጽፋለሁ። "ማቆም አይቻልም ነበር? አንድ ወቅት ቅርጫት ባይወጣ ጫካው ይሸሻል?" ብዬ ጮህኩ። እትዬ ላይ ስጮህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ። "አፍንጫዬ ሄደ ብዬ ለሰው መንገር አፈርኩ፤ ሙሽሪት" አሉ። "አርባ ዓመት እትዬ ካሸተቱት ይበላል ሲባል ኖሮ፣ ዓይኔ ቢጠፋ ይቀለኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆድም ፈጀው።"

ከዚያ በላይ መቆጣት አልቻልኩም። እግራቸውን አሸሁላቸው። ከዚህች ሴት የሚበልጥ ሰው አላውቅም፤ ተሳስተውም ቢሆን።

ሰኞ፣ ስድስተኛው ሳምንት

ሼፉ "ጆሮዎቹን ብቻ ላኪ፣ የጫካውን ተዪው" ብሎ ነበር። እትዬ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።  እኔ "ይወጣል" አልኩት።

ዛሬ ለቅሜ፣ እጄን በውሃ ብቻ ታጥቤ፣ ጨርቁን በረንዳ ላይ አነጠፍኩ። እያንዳንዷን ሦስት ሦስት ጊዜ አሸተትኩ። በየአሥሯ አፍንጫዬን ላሳርፍ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። እትዬ በአንድ ጠዋት የሚጨርሱት ሥራ እስከ አሥር ሰዓት ወሰደብኝ። ከጥፋቴ የተነሳ አንድ ነገር ወስኜ ነበርና ማታ እፍኝ ያህል ጠብሼ ሳህን ላይ አወጣሁ። ከእኔ ይጀምር ብዬ።

እትዬ እየተንገዳገዱ መጥተው ሳህኑን ከፊቴ አነሱት።

"ይሄ የእኔ መላ ነበር፤ አፍንጫ ላጣ ሰው። ላንቺ ፈጣሪ ሰጥቶሻል። አፍንጫ ያለው ሰው እንዲህ አይበላም።"

"እርግጠኛ ካልሆንኩስ?"

"ስንቷ ላይ ነው እርግጠኛ ያልሆንሽው?"

ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።

"እነሱን ጉድጓድ ክተቻቸው። የቀረውን ላኪው። ሌላ ጥበብ የለውም።"

ከተትኳቸው። ቅርጫቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ማክሰኞ

ሹፌሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። እትዬ ተኝተው ነበር፤ ስንት ሳምንት ሙሉ ቅርጫት ሲጠብቁ ያላገኙት እንቅልፍ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሳያዩት ይሂድ?" አለኝ።

"ይሂድ" አልኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሰው ምሳ ይበላል። ከዚያ በኋላ ምንም አልሠራሁም። ከረጢቶቹን ውሃ ለመርጨት ገብቼ መርጫውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰባት ሰዓት። ስምንት። ስልኩን በኪሴ አደረግኩት፣ አወጣሁት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ መልሼ ኪሴ አደረግኩት። አልጮኸም። እትዬ ነቅተው በመስኮት እያዩኝ ነበር። ይህን መጠበቅ ብቻቸውን ስንት ሌሊት ችለውታል?

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ባሌ ሙጫ ሙጫ እየሸተተ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ "ራት ምን አለ? ሞቻለሁ በረሃብ" አለ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ምን እንደሠራ ግራ ገብቶት እኔንና እትዬን ሲያይ፣ እትዬ ከአልጋቸው ላይ ሆነው "ምን ያፈዝዝሃል?" አሉት፤ "ሙጫ ሙጫ ሸትተሃል፤ ሂድ ታጠብ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሸተተዎት?"

"የት አባቱ፣ ምንም" አሉ። "ሽታው ፊትሽን ሲያኮማትረው አይቼ ነው።"